መሬት የምታሰራጨው ሬዲዮ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሬዲዮ ነው። ጣቢያ የለውም፣ አዘጋጅ የለውም፣ ማሰራጫውንም የተከለው ሰው የለም። ሰው ሬዲዮ የሚባል ነገር ከማወቁ በፊት ነበረ። አሁን እኔ በማወራበት ደቂቃም እየተሰራጨ ነው። የሚመነጨው መሬትን ከከበበው መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ነው፤ ማግኔቶስፌር ከምንለው፣ ከበላያችን በሺዎች ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ክልል። በደንብ የሚደመጠውም ወደ ዋልታዎቹ ጠጋ ሲባል ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ቅድም በስፒከር ያሰማኋችሁ ፉጨት በድምፅነቱ ከሰማይ የመጣ አይደለም። ድምፅ ለመጓዝ አየር ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ ደግሞ አየር የለም። የመጣው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ለየት የሚያደርገው ድግግሞሹ በጣም ዝቅተኛ መሆኑ ነው፤ ከጥቂት መቶ ኸርዝ እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ ገደማ። የእኛም ጆሮ ድምፅ የሚሰማው በዚሁ ክልል ነው። ስለዚህ ሞገዱን ለመስማት ብዙ ውጣ ውረድ የለውም። የሽቦ ጥቅልል፣ ጥሩ ማጉያና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። የኤፍኤም ሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። በ5 ኪሎ ኸርዝ የሚመጣ ሞገድ ግን 60 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ስለ አንቴና ስናወራ ይመጣል።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰዎች ይህን ነገር መጀመሪያ የሰሙት ሳይፈልጉት ነው። በ1886 ኦስትሪያ ውስጥ 22 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የስልክ መስመር ላይ እንግዳ ፉጨት ተሰምቷል። በመጋቢት 1894 ብሪታንያ ውስጥ የዋልታ ብርሃን፣ ማለትም በብዛት በዋልታ አካባቢ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ብርሃን፣ በደመቀበት ሌሊት የቴሌግራፍ ሠራተኞች በመስመሮቻቸው ላይ ያልተለመደ ድምፅ ሰሙ። ረጅሙ ሽቦ ራሱ አንቴና ሆኖ ነበር። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ሄንሪክ ባርክሃውዘን የጠላትን የሜዳ ስልክ ለመጥለፍ መሬት ላይ ሽቦ ዘርግቶ ያዳምጥ ነበር። ከወታደሮቹ ወሬ ይልቅ የጎላ ፉጨት ይገባበታል። ከፍ ካለ ድምፅ ይጀምርና እየወረደ፣ እየወረደ ይጠፋል። በግንባሩ ላይ የነበሩት ሰዎች «ቦምብ ሲበር ይሰማል» ይሉ ነበር። ባርክሃውዘን ይህን በ1919 አሳተመ። ምክንያቱን ግን ያኔ ማንም በትክክል አላስቀመጠም።

መልሱን ያመጣው ኦወን ስቶሪ የሚባል የካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ ነው። በ1953 ያሳተመውን ሥራ ዛሬም ሳነበው ይገርመኛል። ስቶሪ ፉጨቱ ከመብረቅ እንደሚነሣ አሳየ። መብረቅ ሲመታ ሁሉንም ድግግሞሽ በአንድ ቅጽበት ይረጫል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ በላይኛው ከባቢ አየር፣ በአዮኖስፌር በኩል ሾልኮ ይወጣና የመሬትን የመግነጢስ መስክ መስመር ተከትሎ ይሄዳል። መስመሩ ወደ ጠፈር ወጥቶ፣ ቅስት ሠርቶ፣ በሌላኛው የዓለም ንፍቅ ተመልሶ መሬት ይገባል። ሞገዱም እዚያው ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ያለው ፕላዝማ ነው፤ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው ተላቀው የሚንሳፈፉበት በጣም ስስ ጋዝ። በፕላዝማ ውስጥ ከፍተኛው ድግግሞሽ ይፈጥናል፣ ዝቅተኛው ይዘገያል። አንድ ላይ ተነሥተው የነበሩት እንደ ሯጮች ይበታተናሉ፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ለዚህ ነው ፉጨቱ ከላይ ጀምሮ የሚወርደው።

ማስረጃው ደግሞ እዩት። መብረቁ አድማጩ አጠገብ ከሆነ መጀመሪያ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ረጅም ፉጨት ይከተላል፤ ሞገዱ ሄዶ ተመልሶ ነዋ። መብረቁ በሌላኛው ንፍቅ ከሆነ ፉጨቱ በግማሽ ያጥራል፤ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማሚቶ ሲኖርም በመጀመሪያው ሁኔታ የመዘግየቱ መጠን በ2፣ 4፣ 6 ጥምርታ ይሄዳል። በሁለተኛው በ1፣ 3፣ 5። ስቶሪ ከዚህ መዘግየት ተነሥቶ መንገዱ ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ አሰላ። ከመሬት በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖች አሉ አለ። በዘመኑ ከሚጠበቀው እጅግ የበዛ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የተወነጨፈው በ1957 መሆኑን አስታውሱ። ሰውየው ጠፈርን የለካው ከካምብሪጅ ሳይወጣ ነው።

ታዲያ ዋልታ ምን አመጣው?

ነገሩ የመስመሮቹ ቅርጽ ነው። በመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ መስመሮቹ ከመሬት ጋር ትይዩ ናቸው፤ ብዙ አይወጡም። ከመግነጢሳዊ ወገብ በ20 ዲግሪ ርቀት የሚነሣ መስመር ከፍታው 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ይመለሳል። በ60 ዲግሪ ላይ የሚነሣው ግን ከመሬት እምብርት 4 የመሬት ሬድየስ ያህል ይርቃል፤ ከመሬት ገጽ 19,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በ65 ዲግሪ ከ29,000 ያልፋል። ወደ ዋልታው ጠጋ ባልን ቁጥር እግራችን ሥር የሚወርደው መስመር ከሩቅ የመጣ ነው። የጨረር ቀበቶዎቹ (በመሬት የመግነጢስ መስክ የተያዙ ፈጣን ቅንጣቶች የሚዞሩባቸው ክልሎች) ዋና ክፍል፣ የዋልታ ብርሃን የሚነሣበት ክልል፣ ሁሉም በእነዚህ መስመሮች ላይ ነው። በጣም ወደ ዋልታው እምብርት ከገባን ግን መስመሮቹ በሌሊቱ በኩል ወደ ኋላ ወደሚጎተተው የመሬት የመግነጢስ ጅራት ይዘረጉና የሌላኛው ንፍቅ ግንኙነት ይጠፋል። ስለዚህ ለማዳመጥ የሚመረጠው በዋልታው ዙሪያ ያለው ቀለበት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በአላስካ፣ ኮሌጅ በሚባል ቦታ፣ የተቀዱ ፉጨቶች ላይ በ1956 አዲስ ነገር ታየ። ድምፁ ከመሀል ይጀምርና አንዱ ክንፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል። ድግግሞሹ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በሚያሳይ ሥዕል፣ በስፔክትሮግራም ላይ ሲታይ የአፍንጫ ቅርጽ አለው፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። የአፍንጫው ጫፍ የሚያርፍበት ድግግሞሽ ሞገዱ በየትኛው መስመር እንደተጓዘ ይናገራል። ዝቅ ባለ ኬክሮስ ይህ ጫፍ እጅግ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ላይ ስለሚሆን አይያዝም። በዋልታ አካባቢ ግን 5 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ላይ ይመጣል። ስንት ኤሌክትሮን እንዳለና የት ቦታ እንዳለ በአንድ ፉጨት ታወቀ ማለት ነው።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ካርፔንተር በዚህ መንገድ ትልቅ ነገር አገኘ። አንታርክቲካ ውስጥና በሌሎች ቦታዎች የተቀዱትን ፉጨቶች አንድ በአንድ እየለካ፣ ከመሬት ስንርቅ የኤሌክትሮኑ ብዛት ቀስ እያለ እንደማይቀንስ አየ። የሆነ ቦታ ላይ ድንገት ይወርዳል፤ ከ10 እስከ 100 እጥፍ። ይህን በ1963 አሳተመ። ወሰኑን ዛሬ ፕላዝማፖዝ እንለዋለን። በሶቪየት ኅብረት በኩል ኮንስታንቲን ግሪንጋውዝ ወደ ጨረቃ ከተላኩት የሉና መንኮራኩሮች መለኪያ ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር። አንዱ ሮኬት ልኮ፣ ሌላው በረዶ ላይ ሽቦ ዘርግቶ ወደ አንድ መልስ መጡ። ለእኔ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደስቱኝ ግጥምጥሞሾች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ሳይፕል ወደሚባለው የአንታርክቲካ ጣቢያ ልውሰዳችሁ። ትንሽ እቆይበታለሁ።

የስታንፎርዱ ሮበርት ሄሊዌል ማዳመጥ ብቻ አልበቃውም። ማግኔቶስፌርን መጠየቅ ፈለገ። እኛ የምናውቀውን ሞገድ ልከን ምን ሆኖ እንደሚመለስ ብናይስ? ችግሩ አንቴናው ነው። የ60 ኪሎ ሜትር ሞገድ ለማሰራጨት በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ሽቦ ያስፈልጋል። ሽቦውን መሬት ላይ ብንዘረጋው ደግሞ መሬት ኤሌክትሪክ ስለምታስተላልፍ ሞገዱን ትውጠዋለች። በምዕራብ አንታርክቲካ ግን 2 ኪሎ ሜትር የሚወፍር በረዶ አለ። በረዶ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ በረዶው ላይ የተዘረጋ ሽቦ 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንደተሰቀለ ይሆናል። እዚያ 21 ኪሎ ሜትር አንቴና ዘረጉ። በኋላ ወደ 42 ኪሎ ሜትር አሳደጉት። የኋለኛው ማሰራጫ 150 ኪሎ ዋት ነበረው። ከዚያ ውስጥ ሞገድ ሆኖ የሚወጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው በሙቀት ይባክናል። የሚወርደው በረዶ ጣቢያውን እየቀበረው ስለሄደ በ1979 ከላዩ አዲስ መሥራት ግድ ሆነ።

ከ1973 እስከ 1988 ሳይፕል ይልካል፣ በመስመሩ ሌላኛ ጫፍ ኩቤክ ካናዳ ውስጥ ሮበርቫል የሚባል ከተማ አጠገብ ያለው ጣቢያ ይቀበላል። የተላከው ሞገድ ቀላል ነው። አንድ ወጥ ድግግሞሽ፣ ለአንድ ሰከንድ ያህል። 2 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ካናዳ ይደርሳል። የሚደርሰው ግን የተላከው አይደለም። መጀመሪያ ደካማ ነው። ከዚያ በዚያው አንድ ሰከንድ ውስጥ እየጎላ፣ እየጎላ ይሄዳል። ጉልበቱ እስከ 1,000 እጥፍ ሲያድግ ተለክቷል። ከላይ ማጉያ ያስቀመጠ ሰው የለም! ያጎላው ማግኔቶስፌር ራሱ ነው። ሞገዱ ሲያበቃ ደግሞ ከጫፉ ማንም ያልላከው አዲስ ድምፅ ይነሣል። አንዳንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዳንዱ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ይጠማዘዛል። የተላከው ጉልበት ከተወሰነ መጠን ካነሰ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሆንም። ዝም ነው።

ጉልበቱ ከየት መጣ? ከኤሌክትሮኖቹ። ኤሌክትሮን በመግነጢስ መስመር ዙሪያ እየተሽከረከረ ይጓዛል። ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ሞገድ ከሽክርክሪቱ ጋር እኩል ከገጠመ፣ እየተያዩ ይቆያሉ፤ ኤሌክትሮኑ ጉልበቱን ለሞገዱ ያስረክባል። በብዛት ሲሆን ሞገዱ ያድጋል። ይህ በዋናነት የሚሆነው መስመሩ ከመሬት በጣም በሚርቅበት፣ በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ነው።

ይህን ከያዛችሁ፣ ተፈጥሮ በራሷ የምታሰማውን ዝማሬ መረዳት ቀላል ነው። ኮረስ ይባላል። ማዕበል ከፀሐይ መጥቶ መግነጢሳዊውን መስክ ሲያናውጥ፣ ከሌሊቱ በኩል ትኩስ ኤሌክትሮኖች ወደ ውስጥ ይወረወራሉ። እነዚህ በምሥራቅ በኩል ወደ ንጋቱ አቅጣጫ ይንሳፈፋሉ። እዚያም ከፕላዝማፖዝ ውጭ አጫጭር ሞገዶችን ይወልዳሉ። እያንዳንዱ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። በመቶዎች ሲደራረቡ ጎሕ ሲቀድ የሚንጫጩ ወፎች ይመስላሉ። ቅድም ሁለተኛ ያሰማኋችሁ እሱ ነው። በጠዋቱ ሰዓቶች መጉላቱም ኤሌክትሮኖቹ ወደዚያ ስለሚሄዱ ነው።

ኮረስ ደስ የሚል ድምፅ ከመሆኑ በላይ ሥራ አለው። አንደኛ፣ ኤሌክትሮኖችን ከመንገዳቸው አስቶ ወደ ከባቢ አየር ያፈስሳቸዋል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአየሩ ጋር ሲጋጩ ብርሃን ይሰጣሉ። በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ድርግም የሚል የዋልታ ብርሃን አለ፤ ከንጋት በፊት ሰማዩን በፕላስተር የተለጣጠፈ ያስመስለዋል። የጃፓኑ አራሴ ሳተላይት መለኪያ በ2018 ሲታተም፣ ኮረስ በጎላ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ እንደሚፈሱና ከታች ያለው ብርሃንም አብሮ እንደሚደምቅ ታየ። ሁለተኛው ሥራው ይበልጥ ያሳስባል። ኮረስ አንዳንድ ኤሌክትሮኖችን ያፈጥናል፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪጠጉ ድረስ። እነዚህ የሳተላይት ግድግዳ በስተው ውስጡ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ ያበላሻሉ። ቫን አለን ፕሮብስ የተባሉት ሁለቱ የናሳ መንኮራኩሮች በነሐሴ 2012 ተወንጭፈው፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በተነሣ ማዕበል ይህ መፋጠን እዚያው ቀበቶው ውስጥ እንደሚሆን አሳይተዋል። ኮረስ የገነባውን ደግሞ ሂስ የሚባል ሌላ ሞገድ ያፈርሰዋል። ከፕላዝማፖዝ ወሰን ወደ ውስጥ፣ ወደ መሬት በኩል ያለ፣ ጣቢያ የሌለው ሬዲዮ የሚያሰማውን ዓይነት ሽሽታ ነው። በሁለቱ የጨረር ቀበቶዎች መካከል ያለው ባዶ ክልል የሚኖረው በዋናነት በእሱ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚጎላው ሞገድ ግን ወደ እኛ አይመጣም። ከዋልታ ብርሃን በላይ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ የሚነሣ ሲሆን ድግግሞሹ ከ50 እስከ 500 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው። ጉልበቱ ሲያይል እስከ 1 ጊጋ ዋት ይደርሳል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያዳምጥ መሬትን ጎልታ የምትሰማ የሬዲዮ ምንጭ የሚያደርጋት እሱ ነው። ከታች ያለው አዮኖስፌር ስለሚመልሰው አብዛኛው ወደ ጠፈር ይሄዳል። ሆኖም በደቡብ ዋልታ ያዳመጡ ተመራማሪዎች እሱን የሚመስል ደካማ ምልክት ከመሬት ላይ መያዛቸውን በ2011 አሳትመዋል። እንዴት ሾልኮ እንደሚወርድ አሁንም ያከራክራል።

አሁን የምለው የራሴ አቋም ነው። «ሳተላይት እያለ በረዶ ላይ ሽቦ መዘርጋት ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሳተላይት ብዙ ያያል፤ አልክድም። ከላይ ካሉት ሞገዶች ወደ መሬት የሚወርዱት ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱም በመስመሩ ላይ ባለ የፕላዝማ ቦይ ተመርተው፣ አዮኖስፌርን በቀጥታ ሲመቱ ነው። ግን ሳተላይት አላፊ ነው። በአንድ ቦታ አይቆይም፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ቫን አለን ፕሮብስ በ2019 ሥራቸውን ሲያቆሙ 7 ዓመት አገልግለዋል። የፀሐይ ዑደት፣ ማለትም እንቅስቃሴዋ የሚያይልበትና የሚቀዘቅዝበት ጊዜ፣ ግን 11 ዓመት ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ዑደት እንኳ አላዩም። በአንጻሩ ሃሊ የሚባለው የብሪታንያ የአንታርክቲካ ጣቢያ እነዚህን ሞገዶች ለአሥርት ዓመታት መዝግቧል። ጣቢያው የቆመበት ተንሳፋፊ በረዶ ስለተሰነጠቀ ከ2017 ወዲህ ክረምት ላይ ሰው አይቀመጥበትም፤ መሣሪያዎች በራሳቸው እንዲሠሩ ተደርጓል። እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ አንዴ ከተቋረጠ በገንዘብ አይመለስም። ያለፈን ዓመት ተመልሶ መለካት አይቻልም። እነዚህ ጣቢያዎች ከአንድ ሳተላይት ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ መዘጋታቸው ሲወራ ዝም ማለት የለብንም።

ከመሬት ላይ የሚገኝ አዲስ ነገር አልቋል ብላችሁ ደግሞ አታስቡ። በሰሜን ፊንላንድ የሶዳንኪላ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ካኑስሌህቶ በሚባል ቦታ የሚያዳምጥበት ጣቢያ አለው። ሁለት ቀጥ ብለው የቆሙ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ የሽቦ ጥቅልሎች ናቸው። አንዱ ሰሜንና ደቡብን፣ ሌላው ምሥራቅና ምዕራብን ያያል። ከ4 ወይም 5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው ቅጂ ለዓመታት በመብረቅ ጠቅታ የተሞላ ነበር። ከመላው ዓለም የሚመጣ ጠቅታ ነው፤ ሌላ ነገር አያሳይም። ተመራማሪዎቹ ጠቅታውን በኮምፒውተር አንድ በአንድ እየነቀሉ አወጡት። ከሥሩ ማንም ያላያቸው ሞገዶች ብቅ አሉ። አጫጭር፣ ጠጋ ጠጋ ያሉ፣ ቅርጻቸው እንግዳ። ድግግሞሻቸው ከጣቢያው በላይ ባለው መስመር ላይ ኮረስ ሊፈጠርበት ከሚችለው በላይ ነው። ታዲያ የተወለዱት ወደ መሬት ቀረብ ባለ መስመር ላይ ከሆነ፣ እስከ ካኑስሌህቶ ምን አመጣቸው? ሙሉ መልስ ገና አልተገኘም። ሞገዶቹ ግን በድሮ ቅጂዎች ውስጥም ነበሩ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር። አንዷ ሴት «ይህ ሞገድ በሰውነታችን ያልፋል፤ ጉዳት የለውም ወይ?» ብላ ጠየቀች። የለውም። መሬት ላይ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። አንድ የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ ከእሱ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ መስክ ይፈጥራል።

ሁለተኛው ጠያቂ ተማሪ ነው። «እኔ ራሴ መስማት እችላለሁ?» አለ። ትችላለህ። ትልቁ ጠላትህ የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ጉርምርምታው ሁሉንም ይሸፍናል። ቢያንስ ጥቂት ኪሎ ሜትር መራቅ አለብህ። የመብረቁን ጠቅታ በየትኛውም የዓለም ክፍል፣ በየትኛውም ሰዓት ታገኘዋለህ። ሲመሽ ጠቅታው ይለወጥና «ጥዊ» እያለ ያስተጋባል። ያ በመሬትና በአዮኖስፌር መካከል ሺዎች ኪሎ ሜትር ሲነጥር የመጣ የመብረቅ ሞገድ ነው፤ 1.7 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ላይ ይዘገያል። ለፉጨቱ ከመግነጢሳዊው ወገብ ራቅ ማለት ይኖርብሃል፤ ወገቡ አካባቢ ከስንት አንዴ ቢሰማ ነው። ለኮረስ ደግሞ ወደ ዋልታው ቀለበት ጠጋ በል፣ የመግነጢስ ማዕበል ያለፈበትን ቀን ምረጥ፣ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ተነሥ።